ምልዓት ወይስ ባዶነት፦ በቅርጹ ስለሚጫወት ልብ ወለድ

ታሪኩን ከመካከል ጀምሮ ወደ ኋላም ወደ ፊትም የሚሄድ፣ ተራኪው በአንዱ ምዕራፍ ያጸናውን በሌላው ምዕራፍ የሚያፈርስ፣ በግርጌ ማስታወሻው ውስጥ ሁለተኛ ታሪክ የሚተርክ፣ ከአንዱ መጽሐፍ ያወቅነውን ሰው በሌላው መጽሐፍ ሳናስበው የሚያመጣብን፣ ፍጻሜ በምንጠብቅበትም ስፍራ ጥያቄ አኑሮልን የሚሰናበት የልብ ወለድ ዓይነት አለ። ሐያስያን «ድኅረ ዘመናዊ» ብለው ስም ካወጡለትና መደብ ከሰጡት ብዙ ጊዜ ቢሆንም፣ «ይህን ማንበብ ምን ይጠቅማል?» የሚለው የአንባቢው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ በሚገባ አልተመለሰም። ጥያቄውን የሰነፍ ጥያቄ ነው ብሎ መናቅ አይገባም፤ ለንባብ የሚተርፈው የሰው ዕድሜ ጥቂት፣ የመጽሐፍም ዋጋ እየተወደደ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ጊዜውንና ገንዘቡን የሚሰጥ ሰው ስለሚቀበለው ነገር ሊጠይቅ መብት አለው። እኔም በዚህ ሐተታ የምደክመው፣ ጥያቄውን ከራሳችን የትምህርት ሥርዓት በወረስነው ሚዛን ለመመዘን ነው።

የምኖረው በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዓለም ባንክ በተባለው ሰፈር ነው። ማታ ማታ ሠራተኛው ከታክሲ ወርዶ ወደየቤቱ በሚበተንበት ሰዓት፣ በመንገዱ ዳር ላስቲክ ዘርግቶ መጻሕፍት የሚሸጥ አንድ ወጣት አለ፤ ከፊት በኩል ስለ ሀብትና ስለ ስኬት የተጻፉትን ትርጉሞች፣ ከነርሱ ቀጥሎ የፖለቲካ ትዝታዎችን፣ በስተኋላ ደግሞ ልብ ወለዶችን ይደረድራል። አንድ ቀን ከኋለኛው ረድፍ የአዳም ረታን አንድ መጽሐፍ አንሥቼ ሳገላብጥ፣ «ጋሼ፣ እሱን የሚወስዱት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው» አለኝ፤ «አንዱ በሳምንቱ ‹መልሰህ ግዛኝ› ብሎ ይዞት ይመጣል፤ ሌላው ‹የቀሩትንም ፈልግልኝ› ይለኛል። መካከለኛ የሚባል የለም።» «አንተስ ከየትኛው ነህ?» ብለው፣ «እኔ መጀመሪያ ዋናውን ታሪክ ብቻ ልያዝ ብዬ ሌላ ሌላውን ስዘል ቆየሁ፤ ኋላ ግን የዘለልኩት ራሱ ታሪኩ መሆኑ ገባኝ፤ ይኸው ከሀ ብዬ ጀምሬዋለሁ» ሲል መለሰልኝ። የዚህ ወጣት ቃል ወደ ነገሩ ሥር ያደርሳል፤ መጽሐፉ አንዱን አንባቢ ያባርራል፣ ሌላውን ይይዛል፤ የተያዘውም የተያዘው፣ ዋናና ትርፍ ብሎ የለየው ነገር ልዩነቱ ስለ ጠፋበት ነው።

በቅርጽ መጫወት በእኛ ዕድሜ የተፈጠረ ፈሊጥ የሚመስለው ሰው ቢኖር ዘመናትን መለስ ብሎ ይመልከት። ከልብ ወለድ አባቶች አንዱ የሚባለው እስፓኛዊው ሰርቫንቴስ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1605 የዶን ኪኾቴን አንደኛ ክፍል ካሳተመ በኋላ፣ በ1615 ባወጣው ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ከሚገኙት ሰዎች አንዳንዶቹ አንደኛውን ክፍል ያነበቡ ናቸው፤ የእንግሊዙ ቄስ ሎሬንስ ስተርን ከ1759 እስከ 1767 በየተራ ባሳተመው በትሪስትራም ሻንዲ ውስጥ፣ አንድ ሰው ሞተ ከሚልበት ስፍራ ሲደርስ ገጹን ጥቁር ቀለም አልብሶት ያልፋል፤ የአርጀንቲናው ሁልዮ ኮርታሳር በ1963 ያወጣው ራዩኤላ 155 ምዕራፎች ሲኖሩት፣ አንባቢው ቢወድ በተራ ሄዶ በ56ኛው እንዲያቆም፣ ቢወድም ከ73ኛው ተነሥቶ ደራሲው ባመለከተው መንገድ እየዘለለ እንዲያነብ ምርጫ ይሰጠዋል። እንግዲህ ልብ ወለድ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጫወት የኖረ ጥበብ ነው፤ ከጥንት እስከ ፍጻሜ ቀጥ ብሎ መተረክም ከብዙ ሥርዓቶች አንዱ ሥርዓት እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

በእኛ አገር አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ካሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» አንሥቶ፣ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. እስካወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ድረስ የሠለጠነው ሥርዓት፣ ተራኪው የሰዎቹን ልብና ኩላሊት መርምሮ የሚያውቅበት፣ አንባቢውንም እጁን ይዞ እስከ መጨረሻው የሚያደርስበት ሥርዓት ነበር፤ ታላላቅ ሥራዎችን ያፈራ በመሆኑም ማንም ሊያቃልለው አይችልም። ነገር ግን በ1962 ዓ.ም. ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ን ባሳተመ ጊዜ ተራኪው ከፈራጅነት ወንበሩ ተነሣ፤ ባለርስቲቱ ወይዘሮ አሰጋሽ፣ ከተማሪ ቤት የመጣው አደፍርስ፣ ሌሎቹም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አነጋገር ይናገሩ ዘንድ ተለቀቁ፤ ማን ልክ እንደ ሆነ የሚወስን ድምፅ ግን አልተሰማም። የዚያን ጊዜውን አንባቢ መጽሐፉ ከበደው፤ ዛሬ ግን የአማርኛን ልብ ወለድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው እርሱን ዘልሎ ማለፍ አይሆንለትም። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1972 ዓ.ም. በዓሉ ግርማ «ደራሲው»ን ሲያወጣ ደግሞ፣ የልብ ወለዱ ጉዳይ ራሱ የደራሲ ኑሮና የመጻፍ ጭንቅ ሆነ።

ይህን መንገድ እስከ ሩቅ የወሰደው፣ ረጅም ዘመን በካናዳ የኖረው አዳም ረታ ነው። «ግራጫ ቃጭሎች»ን፣ «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ»ን፣ «ይወስዳል መንገድ ያመጣል መንገድ»ን፣ «መረቅ»ንና «የስንብት ቀለማት»ን የመሳሰሉትን ሥራዎች ያበረከተው ይህ ደራሲ፣ የአጻጻፍ ስልቱን «ሕጽናዊነት» ብሎ ሰይሞ መነሻውን ከገበታችን ከማይጠፋው ከእንጀራ አድርጎታል። ነገሩን ላስተዋለው ሰው ምርጫው ጥልቅ ነው፤ የእንጀራ ዓይኖች ብዙዎች ናቸው፣ በሌሎቹ ላይ የሠለጠነ ዓይን ግን በመካከላቸው የለም፤ ቁራሽም ከየትኛው ጠርዝ ቢነሣ እንጀራነቱ አይጎድልም። በአዳም ትረካዎችም አንዱ ታሪክ ከሌላው ጋር በስውር ይያያዛል፤ በአንዱ ስፍራ ስሙ ተጠርቶ ብቻ ያለፈ ሰው በሌላው ስፍራ ሙሉ ኀዘንና ሙሉ ተስፋ ይዞ ይመጣል፤ አንባቢውም ያን ጊዜ፣ ቀድሞ አላፊ ነው ብሎ ቸል ያለውን ሰው በኅሊናው ይቅርታ ሊጠይቀው ይገደዳል። ከዚህ የሚገኘው የሥነ ምግባር ትምህርት ነው፤ በእኛ ታሪክ ዳር ላይ ቆሞ የሚታየን ሰው ሁሉ በገዛ ታሪኩ መካከል የቆመ መሆኑን ብዙ ሰባክያን በቃል ነግረውናል፤ ይህ አጻጻፍ ግን ቸልታችንን ራሱን በእጃችን አስይዞ ያሳየናል።

ሆኖም ተቃዋሚዎቹ የሚያነሡት ነገር ክብደት አለውና በቅንነት ሊሰማ ይገባል። የመጀመሪያው ክስ፣ ሰው ልብ ወለድ የሚያነበው ከድካሙ ዐርፎ በሌላ ሰው ኑሮ ሊመሰጥ ሆኖ ሳለ፣ በየገጹ የድርሰትን ሥራ የሚያሳይ ደራሲ ተመስጦውን ይነሣዋል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ግራ የሚያጋባ ቅርጽ የሐሳብን ድህነት ይሸፍናል፤ የሚለው የሌለው ሰው ቀጥ ብሎ ቢናገር ይታወቅበታል፣ አዙሮ ቢናገር ግን ሊቅ ይመስላል የሚል ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ይህ አጻጻፍ «እውነት የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም የትርጓሜ ጉዳይ ነው» የሚለውን ፍልስፍና በጨዋታ ስም ወደ አንባቢው ልብ ያስገባል ይላል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣን ፍራንሷ ሊዮታር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ የድኅረ ዘመናዊነትን ጠባይ ሲገልጽ፣ ዓለምን በሙሉ እንተረጉማለን በሚሉት ታላላቅ ትረካዎች ላይ እምነት መታጣቱን ዋና ምልክት አድርጎታልና፣ ተቃዋሚዎቹ ይህን ክስ ከሜዳ አላነሡትም። በሃይማኖትና በታሪክ ላይ የቆመ ሕዝብ፣ መሠረቱን በዘዴ የሚሸረሽር መጽሐፍ ቢያስፈራው አይፈረድበትም።

ለእነዚህ ክሶች መልስ ለመስጠት ወደ ጉባኤ ቤት መመለስ ያስፈልጋል። መምህሩ ከወንበሩ ተቀምጦ፣ ደቀ መዝሙሩ የግእዙን ንባብ አሰምቶ ሲያነብ፣ መምህሩ በመጀመሪያ ዘይቤውን በአማርኛ ይፈታለታል፤ ቀጥሎ «አንድም» ብሎ ሁለተኛ ፍች ያመጣል፤ እንደገና «አንድም» ብሎ ሦስተኛ ይጨምራል፤ አስፈላጊ በሆነ ጊዜም «ታሪክ» ብሎ ከንባቡ ወጥቶ አንድ ሙሉ ታሪክ ተርኮ ይመለሳል። የኋለኛው ፍች የፊተኛውን አይሽረውም፤ ሁሉም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ደቀ መዝሙሩም አንዱን መርጦ ሌላውን እንዲጥል ሳይሆን ሁሉንም በልቡናው ጽላት ቀርጾ እንዲይዝ ይጠበቅበታል። የላይ ቤትና የታች ቤት ሊቃውንት በአተረጓጐም ቢለያዩም፣ ልዩነታቸው ራሱ የትምህርቱ አካል ሆኖ ኖሯል። የቅኔ ተማሪም እንዲሁ ከሰው ተለይቶ ቅኔ ሲቆጥር ይውልና ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ባላት ጉባኤ ቃና ሰሙንና ወርቁን አስማምቶ ቢያመጣ ይመሰገናል፣ ወርቅ የሌለው ሰም ብቻ ቢያመጣ ግን በጉባኤው ፊት ይነቀፋል። በዚህ ትምህርት ያደገ ሕዝብ፣ የሚሸሽ ትርጓሜንና ሰሚውን የሚያደክም ንግግርን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር አድርጎ ሊያይ አይገባውም፤ አድማጭን ማድከም በእኛ ዘንድ አድማጭን ማክበር ሆኖ ኖሯልና።

ይሁን እንጂ ሁለቱን አንድ ናቸው ማለት ስሕተት ይሆናል፤ ለእኔም የጉዳዩ ዋና ነጥብ ይህ ነው። የአንድምታው መምህር ትርጓሜን የሚያበዛው፣ የሚተረጉመው ቃል ከማንኛውም ፍች በላይ የመላ፣ ተቀድቶም የማያልቅ መሆኑን ስለሚያምን ነው፤ ብዛቱ ከምልዓት ይመነጫል፤ አሥሩም ፍች ወደ አንድ ብርሃን ያመለክታል። ከድኅረ ዘመናዊ ደራስያን መካከል ግን ትርጓሜን የሚያበዙት፣ ከፍቾቹ ሁሉ በስተጀርባ ምንም እንደሌለ ሊያሳዩ የሚሹ አሉ፤ የእነርሱ ብዛት ከባዶነት ይመነጫል፤ አንባቢው አንዱን መጋረጃ ገልጦ ሌላ መጋረጃ ያገኛል፣ እርሱንም ቢገልጥ ሌላ፣ በመጨረሻም የሚገኘው ግድግዳ ነው። በውጭ የሚታየው ቅርጽ በሁለቱም ዘንድ አንድ ሊሆን ይችላል፤ አንባቢ ሊመረምር የሚገባው ግን የብዛቱን ምንጭ ነው። ሁለተኛው ክስ ስለ ድህነት የሚናገረው በባዶነት ላይ ስለ ቆመው ጨዋታ እውነት ነው፤ በምልዓት ላይ ስለ ቆመው ግን ሐሰት ነው።

በምልዓትና በባዶነት መካከል ደግሞ ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም ጉድለት ነው። ፈረንሳዊው ዦርዥ ፔሬክ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1969፣ በፈረንሳይኛ ከሁሉ አብልጦ የሚዘወተረውን አንድ አናባቢ ፊደል ከቶ ሳይጠቀም ሙሉ ልብ ወለድ ጻፈ። ነገሩ ለጊዜው የብልሃት ትርኢት ይመስላል፤ ነገር ግን የፔሬክ አባት በ1940 በጦር ሜዳ እንደ ወደቀ፣ እናቱም በ1943 ወደ አውሽቪትዝ ተወስዳ እንደ ቀረች ያወቀ ሰው፣ ከየገጹ የጠፋችውን ፊደል ሲያይ ከልጅ ሕይወት የጠፉትን ወላጆች ያያል፤ ያን ጊዜ ጨዋታው ለቅሶ መሆኑ ይገለጥለታል። የእኛም ዘመን እንዲህ ያለ ጉድለት ሞልቶታል። በ1966 ዓ.ም. በፈነዳው አብዮት ማግስት በመጣው የቀይ ሽብር ወራት ልጇ ከቤት ወጥቶ የቀረባት፣ ሬሳውንም አግኝታ ያልቀበረች እናት፣ ታሪኳ ጥንት እንጂ ፍጻሜ የለውም፤ ይህን ታሪክ ጀምሮ፣ አጋምሶ፣ አሳምሮ የሚጨርስ ደራሲ ቢኖር፣ ቅርጹ ቢያምርም ምስክርነቱ ሐሰት ይሆናል። በዚያ ዘመን ወጣት የነበረው ትውልድ ትዝታው ተቆራርጦ የቀረ ትውልድ ነው፤ የተቆራረጠ ትረካ የሚጽፍ ደራሲም ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ያየውን ነው። ስለዚህ ለሦስተኛው ክስ የምሰጠው መልስ፣ ትረካን መስበር እውነትን መካድ ላይሆን ይችላል፣ እንዲያውም እውነት በተሰበረበት ስፍራ መስበሩን አለመደበቅ ታማኝነት ነው የሚል ነው።

ቅርጽ ከችግርና ከኑሮ ሲወለድ ምን እንደሚመስል ለማየት ከሰፈሬ ርቄ መሄድ አያስፈልገኝም። ዓለም ባንክ ስሙን ያገኘው በደርግ ዘመን በዚሁ ስም በሚጠራው ባንክ የገንዘብ ድጋፍ ከተካሄደው የቤት ግንባታ ነው። ዛሬ በውስጥ ለውስጥ መንገዱ የሚያልፍ እንግዳ የሚያየው፣ ከፊተኛው ቤት ጎን የተቀጠለ ክፍል፣ ከክፍሉ ጀርባ የተሠራ ሰርቪስ፣ በሰርቪሱም ላይ የወጣ የብረት ደረጃ ነውና፣ ሁሉ ሥርዓት የጎደለው ይመስለዋል። የቤቲቱን እመቤት ቢጠይቃት ግን፣ ያኛው ክፍል ልጇ ባገባ ጊዜ፣ ሰርቪሱ ባለቤቷ ጡረታ ወጥቶ የኪራይ ገንዘብ ባስፈለገ ጊዜ፣ ደረጃው ደግሞ ዐረብ አገር ያለችው ልጇ ገንዘብ በላከች ጊዜ መሠራቱን አንድ በአንድ ትነግረዋለች፤ ግድግዳው ሁሉ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም ሰው ነው። በቅርጹ የሚጫወት ልብ ወለድ የሚመዘነውም በዚህ ነው፤ እያንዳንዱ መዛነፍ፣ እያንዳንዱ ማስታወሻ፣ እያንዳንዱ ወደ ኋላ መመለስ አንድ ሰው የሚኖርበት እንደ ሆነ መዛነፉ ሥርዓት ነው፤ ማንም የማይኖርበት፣ የደራሲውን ብልሃት ለማሳየት ብቻ የተቀጠለ እንደ ሆነ ግን፣ ቢፈርስ የሚያለቅስለት የለም።

እንግዲህ አንባቢው መጽሐፉ ከሁለቱ የትኛው መሆኑን በምን ይለያል? መለያው ሁለተኛው ንባብ ይመስለኛል። በባዶነት ላይ የቆመ ጨዋታ በአንደኛው ንባብ ያስደንቃል፤ ብልሃቱ ከታወቀ በኋላ ግን የሚቀር ነገር የለውም። በምልዓት ወይም በጉድለት ላይ የቆመው በአንደኛው ንባብ ያስቸግራል፤ በሁለተኛው ግን ያልተስተዋለው ሰው ይስተዋላል፣ የተዘለለው ዐረፍተ ነገር ይናገራል፣ ያስቆጣው ዝምታ ምክንያቱ ይገለጣል። የማታውን ድካም ይዞ ዕረፍት ለሚፈልግ ሰው ቀጥ ያለ ትረካ መምረጥ ነውር አይደለም፤ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ጊዜ አለውና። ከባዱን መጽሐፍ ደግሞ ብቻውን መታገል የለበትም፤ አባቶቻችን ከባድ ንባብን በጉባኤ እንጂ በተናጠል አላነበቡትም። አምስት ስድስት ሆነው በየሳምንቱ የሚገናኙ ወዳጆች አንዱን ልብ ወለድ ተካፍለው ቢያነቡ፣ አንዱ ያልያዘውን ሌላው ይዞ ይገኛል፤ መጽሐፍ ሻጩ ወጣት ዘልሎት የነበረውን ነገር ጓደኛው ቀድሞ ነግሮት ቢሆን ኖሮ፣ ከሀ ብሎ እስኪጀምር ድረስ ባልቆየም ነበር።

ደራሲውም ዕዳ አለበት። አንባቢው ሁለት ጊዜ እንዲያነብለት የሚጠይቅ ሰው፣ ሁለት ጊዜ የሚያስነብብ ነገር ማቅረብ አለበት፤ ለሚጽፍላቸው ሰዎች ፍቅር ከሌለው፣ በወረቀቱ ላይ ላኖራቸው ሰዎችም ርኅራኄ ካጣ፣ ቅርጹን ቢያሻው ገልብጦ ቢያሻው አዙሮ ቢያቀርበው ከነቀፋ አይድንም። ይህን ዕዳ የከፈለ ደራሲ ሲገኝ ግን፣ መጽሐፉን «ከባድ ነው» ብሎ መተው፣ የቅኔ ሀብት ያለውን ሕዝብ ራሱን ማሳነስ ነው። የሚጫወት ልብ ወለድ ሊነበብ ይገባልን? በጨዋታው ውስጥ ሰው ያለበት እንደ ሆነ አዎን፣ ይገባል፤ እንዲያውም ቀጥተኛው ትረካ ሊደርስበት ከማይችለው ከተቆራረጠው ትዝታችን፣ ካልተቀበሩት ሟቾቻችን፣ በዳር ቆመው ከቀሩት ጎረቤቶቻችን ዘንድ የሚያደርሰን እርሱ ነውና፣ አንባቢም፣ መምህርም፣ አሳታሚም ሊደክሙለት የሚገባ ሥራ ነው።